ወንበራቸውን ያዞሩት ሊቀ መንበር

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ እሱም ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዝ እየሞላ የሚቋረጥ ትምህርት ነበር። ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ፣ መጻፉ ይቀለኝ እንደሆን ብዬ ወረቀት ያዝኩ። አልቀለለኝም። ከጧት ጀምሮ ስጽፍና ስሰርዝ ውዬ ክንዴ ዝሏል። ግን ካልጻፍኩትም የሚያሳርፈኝ አይመስለኝም።

አያ ጫኔ አረፉ። የሰማሁት ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ውስጥ ብርጭቆ እያጠብኩ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ያን ቀን መከፈቱ ነበር። ሾፌራችን ደሴ ከቡሬ ገባ። ሌላ ጊዜ ገና ከመኪናው ሳይወርድ “ይታይሽ፣ አንድ ሻይ፣ ስኳሩን ጠንከር!” እያለ የሚጮኸው ሰው፣ ያን ቀን ዝም ብሎ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

“አያ ጫኔ አርፈዋል” አለኝ። “ልጃቸው ቤት፣ እዚያው ቡሬ። ከተቀበሩም ሰንብተዋል።”

“እንዴት ሳንሰማ?”

“በምን ትሰሚያለሽ? ስልኩ አይሠራ፣ መኪና አይሄድ።”

ብርጭቆዎቹን አጥቤ ጨረስኩ። ቀብር አልፏል፣ ሠልስት አልፏል። አሁን አሁን እንዲህ ሆኗል፤ ሰው ይሞታል፣ ወሬው መንገድ እስኪከፈት ይጠብቃል። ማልቀስ እንኳ ጊዜው ያለፈበት ነገር መሰለኝ። ደሴ ሻዩን ሳይጠጣ ሄደ።

አያ ጫኔ የማኅበራችን የቦርድ ሊቀ መንበር ነበሩ። ቦርድ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል፤ የእኛ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ባንኮኒ በሚያህል ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው። ሚኒባሶቹ አስፋልቱን ይዘው ማንኩሳና ቡሬ ይመላለሳሉ እንጂ ወደ ገጠሩ አይገቡም። ስለዚህ የየቀበሌው ገበሬና የከተማው ሰው አዋጥቶ ሁለት አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶቡሶች ገዛ። አንዱ በአስፋልቱ ቡሬ ደርሶ ይመለስ ነበር። ሁለተኛው በጠጠሩ መንገድ ወደ እኛ አገር፣ ወደ ግራር ውኃ።

መኪኖቹ የሁሉም ናቸው። የሁሉም የሆነን ነገር ማን ያዝዘዋል? ቦርዱ የተቋቋመው ለዚህ ነው። በየመስመሩ ያለው ሰው ተወካዩን ይመርጣል። ተወካዮቹ በየወሩ ይሰበሰቡና መኪናው የት ይሂድ፣ መቼ ይሂድ፣ ታሪፉ ምን ይሁን የሚለውን በድምፅ ይወስናሉ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሰለሞን የዕለት ሥራውን ይመራል፣ ሪፖርት ያቀርባል፣ ድምፅ ግን የለውም። ከግማሽ በላይ ተወካይ ካልመጣ ስብሰባው አይጀመርም። ሊቀ መንበሩም እጃቸውን የሚያወጡት ድምፅ እኩል ለእኩል ሲሆን ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ሻይ ሳቀርብ ነው። ክፍሏን አጸዳለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፣ ስብሰባ በሌለ ቀን ደግሞ እዚያው መናኸሪያ ውስጥ ሻይ እሸጣለሁ።

አያ ጫኔ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለው በረንዳ ላይ፣ በጎሚስታውና በጫማ ሻጩ መካከል የስፌት መኪናቸውን ይዘረጋሉ። ዕድሜ ልካቸውን ስፒል በከንፈራቸው ይዘው ስለሠሩ፣ ባይዙም አፋቸውን አጥብበው ነበር የሚናገሩት። ድምፃቸው ትንሽ ነው። እሳቸውን ለመስማት ሌላው ዝም ማለት ነበረበት፤ ሰው ሊቀ መንበር ያደረጋቸው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሰውን የሚያዩት ከትከሻው ጀምረው ነው። “ምነው ኮትህ ሰፋብህ፣ ታመህ ነበር እንዴ?” ይላሉ፣ ሰላምታውን ሳይጨርሱ። እኔን መጀመሪያ ያዩኝ ቀን ደግሞ ትሪ እንደያዝኩ አስቁመውኝ፣ “አንቺ ልጅ፣ ይህን ትከሻ ምን አሳጠፈሽ? አንድ ስንዝር ቁመት ደብቀሽ ነው እኮ የምትዞሪው” አሉኝ። ያን ቀን ሻዩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት።

መልካም ሰው ነበሩ ብዬ ብቻ ባልፍ ውሸት ይሆናል። ነጭናጫ ነበሩ። ስብሰባ ያስረዝማሉ። አቶ ሰለሞን ሪፖርት ሲያነብ ያንቀላፋሉ፤ ከዚያ ድንገት ነቅተው “እሱን መልሰህ አንብበው” ይላሉ። ያንቀላፉበትን ማለታቸው ነው። እሱም ምስኪን ልጅ ነው፤ ምንም ሳይል መልሶ ያነብላቸዋል።

የራሳቸው የሆነ ደንብም ነበራቸው። የቦርድ አባል ወደ ስብሰባ የሚመጣው በማኅበሩ መኪና ብቻ ነው፣ ያውም ከኋላ ጎማ በላይ ባለው ወንበር ተቀምጦ። አንድ ጊዜ የማንኩሳው ተወካይ በሞተር ሳይክል መጣ።

“በምን መጣህ?” አሉት።

“በሞተር፣ አያ። ቸኩዬ ነው።”

“መኪናችን ምን ሆኖ?”

“ይዘገያል እኮ።”

“ካልተሳፈርክበት መዘግየቱን በምን አወቅህ? ተመለስና በመኪናው ና።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ሰውዬው እየተነጫነጨ እውነትም ማንኩሳ ተመለሰ፤ ስብሰባው እሱን ሲጠብቅ ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ። ሲመጣ ላብ በላብ ሆኖ ወገቡን ይዟል።

“እህ፣ አሁን ስለ ወንበሩ የምትለው አለህ?” አሉት።

“ኧረ ብዙ አለኝ!”

የኋላ ወንበሮች ስፖንጅ እንዲቀየር የተወሰነው በዚያ ቀን ነው።

ሌላው ደንባቸው በሩ ነበር። አባታችን ሆይ ከተባለ በኋላ፣ አጀንዳ ሳይነሣ፣ “በሩን ክፈቱት” ይላሉ። ከተሳፋሪው የፈለገ ሰው ገብቶ ያሻውን ይናገራል። ቦርዱ አይከራከርም፣ ይሰማል ብቻ። የተባለው ነገር አጀንዳ የሚሆነው ከተወካዮቹ አንዱ “ይያዝልኝ” ሲል ነው። አንዲት ሴትዮ ገብታ ስለ ዶሮዋ ስትናገር ትዝ ይለኛል። ረዳቱ ዶሮዎቿን ጣራ ላይ ጭኖባት ስትወርድ አንዷ የለችም።

“ምን ሆነች ስለው ‘በርራ ነው’ ይለኛል! እናንተዬ፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ ይበራል? በራሪውስ እሱ ነው!”

ሻይ ይዤ በዚያ በር ስገባ ስወጣ ኖሬያለሁ። ለራሴ ጉዳይ ብዬ ግን አንድም ቀን ገብቼበት አላውቅም።

ጉዳይ አጥቼ አይደለም። እናቴ ግራር ውኃ ነው ያለችው፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር። ስኳር አለባት። የምትወጋው መድኃኒት ካልቀዘቀዘ ይበላሻል። ስለዚህ ከከተማ እየገዛሁ በፔርሙስ አድርጌ ለደሴ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ከመሪው አጠገብ ያስቀምጠዋል፤ ወንድሜ መኪናው ሲደርስ ጠብቆ ይቀበለዋል። ቤት ሲደርስ ረጥቦ በሚውል አሸዋ በተሞላ ገንቦ ውስጥ ይቀበራል። እናቴ የምትኖረው በዚህ ነበር። በመኪናው።

አንድ ቀን የአስፋልቱ መኪና ሞተሩ ነከሰና ቆመ። መለዋወጫው ጠፋ። ናፍጣም በወረፋ ሆነ፤ ደሴ ማደያ ደጃፍ መኪናው ውስጥ ያድር ጀመር። ሁለት መስመር፣ አንድ መኪና። አቶ ሰለሞን በስብሰባው ላይ የሆነውን አስረዳ፤ ምንም አልደበቀም፣ ምንም አልጨመረም። የቡሬው መስመር ማኅበሩን የሚያኖር ነው፤ የግራር ውኃው የሚያከስር ነው ብሎ ተቀመጠ።

አያ ጫኔ ዓይናቸውን በእጃቸው ጠረጉና፣ “እንግዲህ የግራር ውኃው ለጊዜው ይቁም ብል ምን ትላላችሁ?” አሉ።

ሻይ እየቀዳሁ ነበር። አያ ሞላን አየሁ። አያ ሞላ የእኛ የግራር ውኃ ሰው ናቸው፣ የእኛ ተወካይ። ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ነበሩ። “እርስዎ ካሉ ይሁን” አሉ። ሌላውም እየተያየ እጁን አወጣ። አያ ጫኔ አንድ ነገር ሊናገሩ እንደፈለጉ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። ተወሰነ።

ሲወጡ አያ ሞላን በረንዳው ላይ ደረስኩባቸው። የማውቀው የአገሬ ሰው ስለሆኑ ደፈርኩ።

“አያ፣ የዘጉት እኮ የእኛን መስመር ነው!”

“መች ጠፋኝ?”

“ታዲያ እንዴት…”

“ምን ልበል? ሽማግሌ ሰው፣ ያውም ተጨንቀው ከአፋቸው ያወጡትን፣ ‘አይሆንም’ ብዬ ሰው ፊት ላዋርዳቸው? እሳቸውስ ቢሆኑ ወደው ነው?” ጋቢያቸውን አጣፉና በእግር ወደ አገር ጀመሩት። መኪናው እንደሆነ ከዚያ ቀን ጀምሮ የለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማስታወስ ያደክመኛል። ፔርሙሱን በእህል ነጋዴዎች በቅሎ ላክሁ፤ ዘግይቶ ደረሰ፣ ፀሐይ በልቶት። ለባጃጅ ሰጠሁ፤ ባጃጁ ከድልድዩ ማዶ አላልፍም ብሎ መለሰው። እናቴ ራሷን ስታ ወደቀች የሚል ወሬ መጣ፣ ከዚያ ተሻላት የሚል፣ ከዚያ እግሯ አብጧል የሚል። ወደ ከተማ ላመጣት የተከራየኋት ክፍል ለእኔም አትበቃም፤ እሷም ቤቷን ለቅቃ አትመጣም። እኔ ሻይ እሸጣለሁ። ሰው “ምነው ዛሬ ሻዩ መረረ?” ይለኛል። ስኳር መጨመር ረስቼ ነው።

አንድ ጧት ፔርሙሱን ታቅፌ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ወደዚያ የሚሄድ የጭነት መኪና ስጠብቅ፣ አያ ጫኔ ከበረንዳቸው ተሻግረው መጡ።

“ከትናንት ወዲያም እዚሁ ቆመሽ አይቼሻለሁ። ምንድን ነው የያዝሽው?”

“ምንም አይደል፣ አያ።”

“ምንም ነገር በፔርሙስ ይያዛል?”

ነገርኳቸው። መሬቱን እያየሁ ነው የነገርኳቸው። ስጨርስ የመናኸሪያው ጥበቃ የሚቀመጥባት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ያለ ወትሯቸው አቧራውን ሳያራግፉ።

“ያን ጊዜ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርሽ። ለምን አልተናገርሽም?”

“እርስዎ ተናግረው ነበር እኮ።”

ያልኩት ይኸን ብቻ ነው። ወቀሳም አልነበረም፤ በእኛ ዘንድ ወጉ እንዲያ ስለሆነ ነው። እሳቸው ግን በጥፊ የተመቱ መሰሉ።

“እኔ እኮ፣” አሉኝ፣ “‘ኧረ አይሆንም፣ ሌላ እንፈልግ’ ትሉኛላችሁ ብዬ ነው። ሞላ ይለምነኛል፣ ሌሎቹ ያግዙታል፣ እኔም እሺ እላለሁ፣ ቡሬዎቹም የሽማግሌ ልመና ነው ብለው ቅር አይላቸውም ብዬ። ሰው እንግዳ ሆኖ ሲሄድ ‘በልቼ ነው የመጣሁ’ ይል የለም? ብላ እስኪሉት። እንደዚያ መስሎኝ። ዝም ብለው እጃቸውን ሲያወጡ ክው አልኩ።”

“እነሱም እርስዎን እንዳያዋርዱ ብለው ነው።”

“አወቅሁ። አሁን አወቅሁ።” ሳቅ የመሰለ ነገር ሳቁ። “ተከባብረን መንገድ ዘጋን።”

ለምን በቃ መልሱት አይሉም ብዬ አስቤ ነበር። ያሰብኩትን ያዩብኝ ይመስለኛል።

“እኔ ብመልሰው ያው ነው። አሁንም እኔን ብለው እጃቸውን ያወጣሉ፤ ነገ ሌላ ሊቀ መንበር መጥቶ ‘ይዘጋ’ ሲል ያው እጅ ይወጣል። በበሩ ግቢና አንቺ ተናገሪ።”

“እኔ? አልችልም፣ አያ። በእመቤቴ፣ አልችልም።”

“ሻይ ይዘሽ ትገቢ የለም? ሻዩን ትተሽ ግቢ።”

ስብሰባው የደረሰ ቀን ሻዩን አፍልቼ ትሪውን ውጭ አስቀመጥኩት። አባታችን ሆይ ተባለ። “በሩን ክፈቱት” አሉ። ገባሁ። ዓይኖቻቸው ሁሉ እኔ ላይ ሲያርፉ ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ። ወደ አያ ጫኔ አየሁ፤ እሳቸው ሲያዩኝ ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ። ያን ጊዜ ተነሡ። ወንበራቸውን አነሡና ወደ ግድግዳው አዞሩት። ጀርባቸውን ለጠረጴዛው ሰጥተው ተቀመጡ።

“እንዴ! አያ ጫኔ፣ ተቀየሙን እንዴ?” አለ የቡሬው ተወካይ አቶ አስማረ። አቶ አስማረ ብረታ ብረት ነጋዴ ነው፤ አፉ ሹል ነው፣ ለመስመሩ ግን እንደ እሱ የሚቆረቆር የለም።

“አልተቀየምኩም” አሉ ወደ ግድግዳው። “ከእንግዲህ የማታዩት ፊቴን ነው። የእኔን ፊት እያየ እጁን የሚያወጣ ሰው አልፈልግም። ተናገሪ፣ ልጄ።”

ለጀርባቸው ተናገርኩ። የኮታቸው ጀርባ ላይ ያለችውን ስፌት እያየሁ። ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውሰውም። እናቴ፣ አልኩ። መርፌዋ በመኪናው ነበር የሚሄደው፣ አልኩ። አሁን አይሄድም፣ አልኩ። ከዚያ አለቀብኝ።

“እግዜር ይማራት፣” አለ አቶ አስማረ፣ “ግን እናንተ፣ ለአንድ ሰው መርፌ አውቶቡስ ይነዳል? ደግሞስ ሻይ ያፈላ ሁሉ መስመር ሊያወጣልን ነው?”

አንድ ሁለቱ ሳቁ። ፊቴ ነደደ። ልወጣ ዞርኩ። ያን ጊዜ አያ ሞላ አሳላቸው። በስብሰባ ውስጥ ከ“ይሁን” በቀር ሌላ ቃል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

“ለአንድ ሰው አይደለም” አሉ። “የእኔ ምራት በቃሬዛ ነው የመጣች። ምጥ ይዟት። ወንዙ ዳር ተገላገለች፣ ልጁ ግን አልቆየልንም።” ወደ ዞረው ወንበር አዩ። “ይኸንን ባለፈው መናገር ነበረብኝ። ይያዝልኝ።”

አቶ አስማረ ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው ጣለ።

ብዙ ተከራከሩ። ፊት ስለሌለ ይሁን አላውቅም፣ ያን ቀን ሰው እንደ ልቡ ተናገረ፤ ጠረጴዛም ተመታ። በመጨረሻ ጥያቄው ይህ ሆነ፤ መኪናው በገበያ ቀን ወደ ግራር ውኃ ይሂድ ወይስ አይሂድ? አቶ ሰለሞን እጆቹን ቆጠረ። እኩል ለእኩል።

“ሊቀ መንበር፣ እርስዎ ነዎት የቀሩት” አላቸው።

ወንበሩ አልዞረም። የእሳቸው በረንዳ አስፋልቱ ላይ ነው፤ ደንበኞቻቸው የአስፋልቱ መስመር ሰዎች ናቸው፤ ሴት ልጃቸው ቡሬ ነው ያገባችው። ይህን በክፍሉ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። እጃቸውን ወዲያው አላወጡም፤ ጀርባቸው ሲተነፍስ ይታያል። ከዚያ ቀኝ እጃቸው ቀስ ብላ ወጣች።

“ይሂድ” አሉ።

“በገበያ ቀን! ዋናውን ቀን!” ብሎ አቶ አስማረ ተነሣ። “እንግዲህ በጠቅላላ ጉባኤው እንገናኛለን።”

ተገናኙም። ሊቀ መንበር የሚመረጠው እዚያ ነው፤ የቡሬና የማንኩሳ ሰው ደግሞ ብዙ ነው፤ አያ ጫኔ አልተመረጡም። ሻይ አፍልታ ለምትሰጣቸው ልጅ አዳሉ ተባለ፤ ሌላም የማይጻፍ ነገር ተባለ። አቶ አስማረ ሊቀ መንበር ሆነ። አያ ጫኔ የክፍሏን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ከበሩ አጠገብ፣ ተሳፋሪ ከሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ሄደው ተቀመጡ። “ይታይሽ፣ ሻይ አምጪልኝ እንጂ፣ እንግዳ ሆኜ ስመጣ ትረሺኛለሽ?” አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔ ማዶ ሄጄ አለቀስኩ፤ ሻዩን ያቀረበላቸው አቶ ሰለሞን ነው።

ብዙም ሳይቆይ አያ ሞላ ከግራር ውኃ መጥተው፣ “እኔ አፌ አይታዘዝልኝም፣ ሰዉ ተወካይ አንቺ ሁኚ ብሏል” አሉኝ። አልሆንም ብዬ ለመንኩ። እናቴም ልካብኝ ነበር፣ “ባትፈልግም እሺ ትበል” ብላ። ስለዚህ አሁን እዚያች ክፍል ውስጥ ሻዩን ካቀረብኩ በኋላ ትሪውን አስቀምጬ እኔም እቀመጣለሁ። ልምዱ ገና አልመጣልኝም። ከስብሰባ በፊት ባለው ቀን እህል አይወርድልኝም።

አቶ አስማረ ጊዜ አላጠፋም። የገበያ ቀኗ መኪና ወደ አስፋልቱ ትመለስ የሚለውን አጀንዳ አስያዘ። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ የመረጡት ሰዎች የላኩት ነገር ነው። ያን ቀን የተናገርኩት ጥቂት ነው፣ ግን ዓይኑን እያየሁ ነው የተናገርኩት። መስመራችን በአንድ ድምፅ ብልጫ ተረፈ። መንገድ ሰላም ሲሆን ዛሬም በገበያ ቀን ይሄዳል። መንገድ ሰላም ሳይሆን ሲቀር ማንም አይሄድም፣ ያን ጊዜ ቦርድም ድምፅም ምንም አያደርጉም። እናቴ አለች። ከስታለች፣ ግን አለች።

ከስብሰባው ወጥቼ ልነግራቸው ወደ ቤታቸው ስሮጥ ልጃቸው ወደ ቡሬ ወስዳቸዋለች፤ በሩ ተቆልፏል። ከዚያ መንገድ ተዘጋ። ይሰሙ አይሰሙ አላውቅም። ደሴን ጠይቄው ነበር፣ እሱም አያውቅም።

የመጨረሻ ያየኋቸው የዚያን ስብሰባ ዕለት ጧት ነው። ከታመሙ ሰንብተው ነበር። አልጋ ላይ ናቸው፤ ልጃቸው ከቡሬ መጥታ ዕቃቸውን ትሸክፋለች። እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ፣ ጣታቸው ጨርቅ እንደሚያገላብጥ ይንቀሳቀሳል። አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

“ዛሬ አይደለም እንዴ ስብሰባው?” አሉኝ።

“ነው፣ አያ።”

“ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?”

“እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው።”

“ጠየቅሽኝ። እንዳየሽኝ ነኝ። ምን ልትያቸው አሰብሽ?”

“አላውቅም። እውነቴን ነው፣ ሌላ ሰው ቢሆንላቸው ይሻላቸው ነበር። እንደ እርስዎ የማይፈራ ሰው።”

ልጃቸው መጥታ ትራሱን አስተካከለችላቸው፣ ውኃ አቀረበችላቸው፤ አልጠጡም። እስክትወጣ ጠበቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ከድነው፣ ድምፃቸው ከወትሮው ይልቅ አንሶ፣

“እኔም ሁልጊዜ እፈራ ነበር” አሉኝ። “በይ ሂጂ፣ ይጀምራሉ።”